የሊቁ ዓይንና የጋጋሪው ጥርስ

(ጋራዥ። መሃል ላይ አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች፤ እሁድ ሙሽሮቹን የምትይዘው እሷ ናት። ባለቤቷ ለሰርጉ ስታውሳት «አንድ በሯን ብቻ አድስልኝ» ብላ አምጥታታለች። አጠገቧ ተንበርክኮ የፊት በሯን በአሸዋ ወረቀት የሚፈገፍገው ቀለም ቀቢው ነው። እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሊቁ» ነው የሚለው። የማያውቀው ነገር የለማ! ካለም እስካሁን ደፍሮ የነገረው አልተገኘም። በተገለበጠ የቀለም ጣሳ ላይ የተቀመጠው ደግሞ የእህቱ ባል ነው፤ ዳቦ ጋጋሪ። ሲናገር መዳፉን አፉ ላይ ይደፋል፤ የቆየ ልማዱ ነው። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

ጋጋሪው፦ እኔ ምን አጠፋሁ? ነጭ ነጭ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል ነው ያልኩት።

ሊቁ፦ እሱን ነዋ! እሱን ነው አትበል ያልኩህ! ነጭ ነጭ ነው የሚል ሰው እንኳን መኪና ግድግዳም አይንካ። የወተት ነጭ አለ። የኖራ ነጭ አለ። የእንቁላል ቅርፊት ነጭ አለ። ነጭ ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያዘነብል አለ፣ ነጭ ሆኖ ወደ ቢጫ የሚጎትተው አለ...

ጋጋሪው፦ የዱቄት ነጭስ?

ሊቁ፦ የዱቄት ነጭ የሚባል የለም።

ጋጋሪው፦ እኔ ቤት አለ።

ሊቁ፦ አንተ ቤት ያለው ዱቄት ነው።

ጋጋሪው፦ (ትንሽ አስቦ) እሱስ ነው።

ሊቁ፦ ይህችን በር አየሃት? ለማንም ብታሳያት ከፋብሪካ እንደወጣች ናት ይልሃል። የእኔ ዓይን ግን መኪናዋ ገና በግቢው በር ስትገባ ነው የያዛት። ይህች በር ተጠግናለች። ሥሯ ስርጉዱን የሞሉበት ስቱኮ አለ፣ በላዩ ቀለም ነፍተውበታል። የተጠገነ ነገር ከእኔ ዓይን አያመልጥም።

ጋጋሪው፦ ባለቤቷ «የኋላው በር» ስትል የሰማሁ መስሎኝ ነበር።

ሊቁ፦ ባለቤቷ መንዳት ነው የምታውቀው። ማየት የእኔ ሥራ ነው።

ጋጋሪው፦ ታዲያ ስቱኮው የታለ?

ሊቁ፦ ገና ነው። የሠራው ሰው ጎበዝ ነው፤ በስሱ ነው የቀባው። (መፈግፈጉን ይቀጥላል)

ጋጋሪው፦ ጋሼ፣ እኔ እንኳን የመጣሁት ለመኪናዋ አልነበረም። አንድ ነገር እንድታይልኝ ብዬ ነው።

ሊቁ፦ ጥርስህን።

ጋጋሪው፦ (ደንግጦ) በምን አወቅክ?

ሊቁ፦ እሁድ ልጅህን ትድራለህ። እህቴ ከቀለበቱ ቀን ጀምሮ ዓይኗ እንዳበጠ ነው። አንተ ደግሞ አፍህን እንደ ድስት ከድነህ መጥተህ ፊቴ ተቀምጠሃል። ይሄን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን ነኝ።

ጋጋሪው፦ ፎቶው ነው ጉድ ያፈላው። የቀለበቱ ዕለት ሁሉም ሲስቅ እኔ ከንፈሬን ገጥሜ ቆምኩ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የሙሽራው አባት አየና፣ «የልጅቷ አባት ጥርሱን ነክሶ ነው የሚሰጠን» አለ አሉ።

ሊቁ፦ ኧረ!

ጋጋሪው፦ ልጄ ጆሮ ደረሰ። መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ «አባዬ፣ ልጁን ካልወደድከው አሁኑኑ ንገረኝ» አለችኝ። እወደዋለሁ አልኳት። «ታዲያ ለምን አትስቅም?» አለችኝ። ምን ልበላት? ጥርሴ የተሰበረው እሷ ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው። አፌን ከድኜ ነው ያሳደግኳት። አባቷ ሲስቅ አይታ አታውቅም እኮ፣ ጋሼ።

(ሊቁ መፈግፈጉን አቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ጉሮሮውን የሚበላው ነገር አለ፤ እሱ ግን የቀለም ሽታ ነው ይላል።)

ሊቁ፦ ይሄ ቀለም ደግሞ... እና አሁን ምን ይሁን ነው የምትለው?

ጋጋሪው፦ እሁድ አፌን ከፍቼ መሳቅ ነው የምፈልገው። ግን አንድ ሰው እንኳን ጥርሴ ላይ ካፈጠጠ እዘጋዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። አንዴ ከዘጋሁት ሰርጉ አልቆ ድንኳኑ እስኪነቀል አይከፈትም። ለዚህ ነው አንተ ዘንድ የመጣሁት። እዚህ ሰፈር ካንተ የከፋ ዓይን የለም።

ሊቁ፦ የከፋ?

ጋጋሪው፦ የማይምር ለማለት ነው።

ሊቁ፦ እሱስ እውነት ነው። ለመሆኑ እንዴት ነበር የተሰበረው? ከመሰላል ወደቀ ተብለን ልንጠይቅህ መጥተን ነበር።

ጋጋሪው፦ (ግራና ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ዳቦ ነው።

ሊቁ፦ የምን ዳቦ?

ጋጋሪው፦ የራሴ ዳቦ። ምድጃው ጥግ ተረስቶ ቆይቶ ነበር። በስሏል አልበሰለም ብዬ ነከስኩት።

ሊቁ፦ እና?

ጋጋሪው፦ በስሏል።

ሊቁ፦ መሰላሉስ?

ጋጋሪው፦ ጋሼ፣ ሰዉ ጠዋት ጠዋት ደጄ ተሰልፎ ነው ዳቦ የሚገዛኝ። «የጋጋሪው ጥርስ በገዛ ዳቦው ረገፈ» ከተባለ ማን ይሰለፋል? በመሰላል አላከክኩ። መሰላል አልሸጥም።

ሊቁ፦ (ብድግ ብሎ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል) ተነስ።

ጋጋሪው፦ ወዴት?

ሊቁ፦ ግባ እዚህ። (የመኪናዋን የፊት ወንበር ወደ ኋላ ይዘረጋል) ጥርስ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ምን ያደርጉሃል? ወንበር ላይ ያጋድሙሃል። ይኸው ወንበር። መብራት ያበሩብሃል። ይኸው ባትሪ። ከዚያ የተሰበረውን ያሻክራሉ፣ ስቱኮ ይሞላሉ፣ ይሞርዳሉ፣ ይወለውላሉ። ይሄ ምኑ ነው ሕክምና? የቦዲ ሥራ ነው! ከእኛ ሰርቀው ነጭ ጋዋን አለበሱት።

ጋጋሪው፦ (እየተጋደመ) ስቱኮ ሳይሆን ሊጥ የመሰለ ለስላሳ ነገር ነው ይባላል።

ሊቁ፦ ማነው የሚለው?

ጋጋሪው፦ ሰው።

ሊቁ፦ ሰው ምን ያውቃል!

ጋጋሪው፦ በስሱ በስሱ እየደራረቡ ሰማያዊ መብራት ሲያበሩበት ወዲያው ይጠነክራል አሉ።

ሊቁ፦ በመብራት? (ያፏጫል) አሁን በመብራት የሚደርቅ ነገር የት ታየ? ይሄንንስ ያለው ማነው?

ጋጋሪው፦ ያው ሰውዬ።

ሊቁ፦ ቀለም በፀሐይ ይደርቃል። ፀሐይ ከሌለ ምድጃ ነው። ትልልቆቹ ጋራዦች እኮ መኪናውን እንዳለ ምድጃ ውስጥ ያስገቡታል። ምድጃ ደግሞ አንተ አለህ።

ጋጋሪው፦ እኔ ልግባበት?

ሊቁ፦ ጭንቅላትህ ብቻ። ለብ ሲል።

ጋጋሪው፦ ጠዋት ዳቦ አለበት።

ሊቁ፦ ከሰዓት ይሁና።

ጋጋሪው፦ ከሰዓት ባዶ ነው። (አስቦ) ቢሆንም ሚስቴን ላማክራት።

ሊቁ፦ አሁን ዋናው ቀለሙ ነው። እዚህ ላይ ነው ጀማሪ የሚሳሳተው።

ጋጋሪው፦ ቀለሙን ጥርሱ ምራቅ እንደነካው፣ እርጥብ እያለ ነው የሚመርጡት ይባላል። ጥርስ ሲደርቅ ለጊዜው ይነጣል፤ ያኔ ከመረጥክ ኋላ ያጋልጥሃል አሉ።

ሊቁ፦ ገልብጠው ነው የነገሩህ! ቀለም ሲደርቅ ይጠቁራል፤ ይሄን ሕፃን ያውቀዋል። ስለዚህ ሁለት ደረጃ አንጥተህ ትመርጣለህ። ካልገጠመ ደግሞ የቀሩትን ጥርሶች ማንጣት ነው። በረኪና ምን ይሠራል?

ጋጋሪው፦ ልብስ ያነጣል።

ሊቁ፦ አሁን ዝም በል፤ ልሸፍንህ ነው።

(ሊቁ ጋዜጣ ቀደደ። መቀባት የሌለበትን ቦታ ሳይሸፍን ሥራ ጀምሮ አያውቅም። በወረቀት ፕላስተር የጋጋሪውን አፍንጫ፣ ጺምና አንገት ጋዜጣ በጋዜጣ አደረገው። ወደ ዓይኑ ሲሄድ ጋጋሪው እጁን ያዘው።)

ጋጋሪው፦ ዓይኔንም?

ሊቁ፦ መስታወት መጀመሪያ ነው የሚሸፈነው።

ጋጋሪው፦ በምን ልይ ታዲያ?

ሊቁ፦ መኪና ሲቀባ አያይም።

ጋጋሪው፦ እባክህ ጋሼ፣ እሱን ተወው። ከሸፈንክልኝ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሊቁ፦ እሺ ይቅር። አሁን እጅህን ከአፍህ አንሳ።

ጋጋሪው፦ እምቢ አለኝ።

ሊቁ፦ ማን?

ጋጋሪው፦ እጄ። ለምዶ ነው።

(ሊቁ የጋጋሪውን እጅ እንደ መኪና ኮፈን ብድግ አድርጎ ደረቱ ላይ አስቀመጠው።)

ሊቁ፦ ክፈት። ሰፋ አድርገው። እንዲህ! የቱ እንደሆነ እንዳትነግረኝ! ዓይኔ ራሱ ይነግረኛል።

ጋጋሪው፦ እኔም ልነግርህ አላሰብኩም።

(ሊቁ ባትሪውን አብርቶ አየ። ከግራ አየ፣ ከቀኝ አየ፣ አንገቱን አጣሞ ከታች አየ። ስብር የሚባል ነገር የለም። ጥርሶቹ እንደ ሰው ጥርስ ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። ግን ሊቅ ሰው «ምንም አይታየኝም» ይላል እንዴ? ሞቶ ነው! ስለዚህ እስኪታየው ድረስ ማየቱን ቀጠለ።)

ሊቁ፦ አሃ።

ጋጋሪው፦ ምን?

ሊቁ፦ አሃሃ!

ጋጋሪው፦ ጋሼ፣ ነፍሴን አታውጣት። ይታያል?

ሊቁ፦ ይታያል ወይ? ከአስፋልቱ ማዶ ይታያል! ይሄ (በጥፍሩ ጠቅ ጠቅ አድርጎት) ይሄ የፊት ጥርስህ። ጫፉ አጥሯል፣ ጎኑ ጎብጧል፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ሄዷል። ፍርስራሽ ነው በለኝ!

ጋጋሪው፦ እሱ ነው? በደንብ አየኸው?

ሊቁ፦ ስማ፣ እኔ ከገደል የወጣ መኪና እያየሁ ነው ያረጀሁት።

ጋጋሪው፦ ከጎኑ ያለውስ? እሱንም እየው እስቲ።

ሊቁ፦ ይሄ? (ፊቱ ይበራል) ይሄማ የፈጣሪ እጅ ነው! እየው አወራረዱን፣ እየው ጥራቱን። ብርሃኑ እንዴት ውስጡ እንደሚገባ እየው። እንዲህ ያለ ነገር ሰው አይሠራም። ናሙናችን እሱ ነው፤ ፍርስራሹን ከእሱ ጋር ነው የማመሳስለው።

ጋጋሪው፦ ሰው አይሠራውም?

ሊቁ፦ አይሠራውም።

ጋጋሪው፦ ትምላለህ?

ሊቁ፦ አንገቴን ለካራ እሰጣለሁ!

(ጋጋሪው ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰ። አፍንጫው ላይ ያለው ጋዜጣ ብድግ ብሎ ተመለሰ።)

ጋጋሪው፦ ተመስገን።

ሊቁ፦ ምኑ ነው የሚያስመሰግነው? የጎረቤቱን ጉድ እየነገርኩህ! (አዲስ የአሸዋ ወረቀት ይቀድዳል) ቆይ፣ አትነቃነቅ። መጀመሪያ ማሻከር ነው።

ጋጋሪው፦ የቱን?

ሊቁ፦ የተበላሸውን ነዋ።

ጋጋሪው፦ ጋሼ፣ ያ ጥርስ ደህና ነው። ከጥንትም ጎበጥ ያለ ነው።

ሊቁ፦ አንተ ነህ እኔ ነኝ የማውቀው?

ጋጋሪው፦ አፉ እኮ የኔ ነው።

ሊቁ፦ ባለመኪናዋም እንዲሁ ነው ያለችው። ክፈት!

ጋጋሪው፦ (ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ) ሰኞ ተሠርቷል።

ሊቁ፦ ምኑ?

ጋጋሪው፦ የተሰበረው። ሰኞ ዕለት ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ስብራቱን ትንሽ አሻከረችው፣ የሚኮመጥጥ ነገር ቀብታ አጠበችው፣ ማጣበቂያ አደረገች። ከዚያ ያንን እንደ ሊጥ ያለውን በስሱ በስሱ እየደራረበች፣ ሰማያዊ መብራት እያበራች ጎዶሎውን ሞላችው። ሞርዳ ወለወለችውና መስታወት ሰጠችኝ።

ሊቁ፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ «ሰው አለ፣ ሰው አለ» ስትል...

ጋጋሪው፦ ሐኪሟ ሰው ናት።

ሊቁ፦ ከተሠራልህ እዚህ ምን አመጣህ?

ጋጋሪው፦ መስታወቱን ማመን አቃተኝ። ደስ ያለው ሰው ዓይን አይታመንም። ሚስቴ ጥሩ ነው አለችኝ፤ እሷ ደግሞ ታዝንልኛለች። የማያዝንልኝ ሰው ፈለግኩ። ነግሬህ ብመጣ ጥገናውን ፈልገህ ታገኘው ነበር። ሳልነግርህ ዓይንህ ካልያዘው፣ እሁድ ማንም አይዘውም ብዬ ነው።

(ሊቁ ባትሪውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።)

ሊቁ፦ አውቄ ነበር።

ጋጋሪው፦ ምኑን?

ሊቁ፦ እንደተሠራ። ልፈትንህ ነው ዝም ያልኩት።

ጋጋሪው፦ ዝም አላልክም እኮ፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ በሆዴ ዝም ብዬ ነበር።

ጋጋሪው፦ እሺ። የቱ ነው ታዲያ የተሠራው?

ሊቁ፦ (ባትሪውን አብርቶ፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ) ይሄ፣ ሹሉ።

ጋጋሪው፦ እሱ የአባቴ ነው። የአባቴም እንዲሁ ሹል ነበር።

ሊቁ፦ እንግዲያው ይሄኛው።

ጋጋሪው፦ እሱም የአባቴ ነው።

ሊቁ፦ አባትህ ስንት ጥርስ ነው ያወረሰህ?

ጋጋሪው፦ ከአንዱ በቀር ሁሉንም። ጋሼ፣ ናሙናህ ነው።

ሊቁ፦ ማ?

ጋጋሪው፦ ያ የፈጣሪ እጅ ያልከው። አንገትህን ለካራ የሰጠኸለት።

(ሊቁ ባትሪውን አጠፋ። መልሶ አበራ። አፍንጫው የጋጋሪው አፍ ሊገባ እስኪደርስ ተጠጋ።)

ሊቁ፦ መገጣጠሚያው የታለ?

ጋጋሪው፦ ምላሴ ብቻ ናት የምታገኘው። እሷም መፈለግ ትታለች።

ሊቁ፦ አሁንስ ደረቅ ዳቦ ትነክሳለህ?

ጋጋሪው፦ ሐኪሟ ከልክላኛለች። ጋጋሪ እኮ ነኝ ብላት «እንግዲያው ሽጠው እንጂ አትብላው» አለችኝ። ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ከጎኑ ካለው ጋር የቱ ይነጣል?

ሊቁ፦ (ብዙ አይቶ) ነጭ ነጭ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!

(ጋጋሪው ሳቀ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ አፉ ተነሳ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ ቆመ፣ ተመልሶም ጉልበቱ ላይ ተቀመጠ። ሳቁ ጋራዡን ሞላው። ጋዜጣው ከፊቱ እየተላቀቀ ወደቀ፤ ከጺሙ ላይ የተነሳው ትንሽ ጸጉር ይዞ ሄደ፤ እሱ ግን አልታወቀውም።)

ሊቁ፦ አንተ... እንዲህ ነው እንዴ የምትስቀው?

ጋጋሪው፦ እንጃ። እኔም ረስቼው ነበር።

ሊቁ፦ እህቴ ለካ ለዚህ ነው ያገባችህ! እኔ እስከ ዛሬ ለዳቦው መስሎኝ። (ጉሮሮውን እየጠረገ) ይሄ ቀለም ደግሞ... እሁድ ይችኑ ሳቅ ይዘሃት ና። ልጅቷ ትያት።

(ጋጋሪው ከመኪናዋ ሊወርድ የፊት በሯን ሲይዝ ቆም አለ። ሊቁ ሲፈገፍገው የዋለው ቦታ እርቃኑን ቀርቷል፤ ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል። ከቀለሙ ሥር ብረት እንጂ ሌላ ነገር የለም።)

ጋጋሪው፦ ጋሼ።

ሊቁ፦ አትበል።

ጋጋሪው፦ ስቱኮው...

ሊቁ፦ አትበል አልኩህ።

(ሊቁ ወደ ኋላው በር ሄዶ በጥፍሩ ነካ አደረገው። ቀለሙ ከነስቱኮው ተቀርፎ እግሩ ሥር ወደቀ።)

ጋጋሪው፦ እሁድ ሙሽሮቹ በዚህችው ነው የሚሄዱት አይደል?

ሊቁ፦ በዚህችው ነው።

ጋጋሪው፦ ሁለት በር እስከ እሁድ ይደርቃል?

ሊቁ፦ አንዱ ይደርቃል።

ጋጋሪው፦ ከሰዓት ምድጃዬ ባዶ ነው።

ሊቁ፦ (የተቀረፈውን ስቱኮ በእግሩ ገፋ እያደረገ) ፎቶው የት ነው የሚነሳው?

ጋጋሪው፦ መኪናዋ ፊት። ዘመድ በሙሉ በጎኗ ይደረደራል ተብሏል።

ሊቁ፦ እንግዲያው እኔ ባልደረሰችው በር ላይ ተለጥፌ እቆማለሁ። ማንም እንዳይነቀንቀኝ።

ጋጋሪው፦ እየሳቅክ?

ሊቁ፦ ጥርሴን ነክሼ።